«እነዚህ ሰዎች እዚህ እንዴት መጡ?»፦ ከፍልሰት ጀርባ ያለውን የመንግሥት እጅ ለይቶ ለማየት

መተከል ባለችው ፓዌ ውስጥ ይህን ያህል ወሎዬ ከየት መጣ? ቡኖ በደሌ ላይ የሐረርጌ ሰው መንደር ሙሉ ሆኖ እንዴት ተገኘ? ፌስቡክ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር መልሱ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ ወገን «ድርቅ ነው ያመጣቸው» ይላል። ሌላው «ሆን ተብሎ የተሠራ ነው» ይላል። ከዚያ ስድቡ ይቀጥላል። ማስረጃ የሚያመጣ የለም።

ማስረጃው ግን አለ፤ ለማግኘትም ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ፣ የቤተሰባችሁን ታሪክ የምትሰበስቡ፣ ወይም ስለ አንድ ወረዳ ሳታጣሩ መጻፍ የማትፈልጉ ከሆናችሁ የሚከተለው መንገድ ይጠቅማችኋል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። መንግሥት ሰውን የሚያንቀሳቅሰው «ተነስ፣ ሂድ» እያለ ብቻ አይደለም። እንዲያውም ትእዛዝ ከሁሉም ደካማው መሣሪያ ነው፤ በትእዛዝ የሄደ ሰው ጠባቂው ዞር ሲል ይመለሳል። ብዙ የሚሠራው ሰው የሚፈልገውን ነገር ከቦታ ጋር ማሰር ነው። መሬቱን፣ ስንዴውን፣ መታወቂያውን፣ ቤቱን። ስለዚህ የትም ሂዱ የትም ዋናው ጥያቄያችሁ ይህ ነው፦ በዚያ ዘመን ምኑ የት ታስሮ ነበር?

አንድ ቦታ፣ አንድ ዘመን

«የኢትዮጵያ የውስጥ ፍልሰት» ብሎ መነሳት የትም አያደርስም። አንድ ወረዳ ምረጡ፣ አንድ ዘመን ምረጡ። እኔ እዚህ ፓዌንና የደርግ ትልቁ ሰፈራ የተካሄደበትን 1977 ዓ.ም.ን እየደጋገምኩ አነሳለሁ፤ ሰነድ ስላለውና በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ገና በሕይወት ስላሉ።

መጀመሪያ የመንደሮቹን ስም እዩ። ፓዌ ውስጥ መንደሮች የሚጠሩት በቁጥር ነው፤ መንደር 7፣ መንደር 12 እየተባለ። አሶሳ ዙሪያ ደግሞ አምባ 5፣ አምባ 14 ትሰማላችሁ። ሰው በራሱ ጊዜ ተሰባስቦ የመሠረተው ሰፈር ቁጥር አይወጣለትም፤ በወንዙ፣ በታቦቱ ወይም ቀድሞ በሰፈረው ሰው ስም ይጠራል። ቁጥር ካያችሁ ከጀርባው ቢሮ ነበረ፣ ካርታ ነበረ፣ ኮታ ነበረ።

ቁጥር የሌለው መንደር ሁሉ ግን መንግሥት ያልነካው ነው ማለት አይደለም። ደርግ ሁለት ዓይነት ሰፈራ ነበረው። አንዱ መደበኛ የሚባለው ነው፦ ሰፊ መሬት፣ ትራክተር፣ የጋራ እርሻ፣ ከባዶ የተሠራ መንደር። ሌላው ስግሰጋ ይባላል፦ ሰፋሪውን በነባር የገበሬ ማኅበራት መካከል እየከፋፈሉ ማስገባት። ወለጋ፣ ኢሉባቡርና ከፋ ብዙ ሰው የገባው በዚህኛው ነው። ነባሩ ገበሬ ጎጆ እንዲሠራላቸውና መሬት እንዲያካፍላቸው ታዘዘ። የስግሰጋ ሰፈር ዛሬ ካርታ ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ሽማግሌ መጠየቅ ነው።

ዓመተ ምሕረቱንና ካርታውን አስተካክሉ

ይህ አሰልቺ ክፍል ነው፤ ግን የብዙ ሰው ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ነው።

እንግሊዝኛ ሰነድ «የ1985 ሰፈራ» ሲል የኛ 1977 ነው። «የ2003 ሰፈራ» የሚለው ደግሞ የኛ 1995። በፈረንጅ የተጻፈውን 1985 እንዳለ ወስዶ የኢሕአዴግን ጊዜ ከደርግ ጋር ያደባለቀ ጽሑፍ ስንት አለ። ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ፣ አለቀ።

ካርታው ይብሳል። መተከል በ1977 የጎጃም ክፍለ ሀገር አውራጃ ነበር፤ ዛሬ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዞን ነው። አሶሳ የወለጋ አውራጃ ነበረች። ጋምቤላ በኢሉባቡር ሥር ነበረች። የሐረርጌ ሰዎች የሰፈሩባት ጨዋቃ በ1995ቱ ሰፈራ ጊዜ ኢሉባቡር ነበረች፤ አሁን ቡኖ በደሌ ዞን ናት። ስለዚህ አንድ አሮጌ ወረቀት ላይ «ከወሎ ወደ ጎጃም የተዛወረ» የተባለ አባወራ ዛሬ በሌላ ክልል ውስጥ የሚኖር «መጤ» ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። እሱ ከመንደሩ ንቅንቅ አላለም። ድንበሩ ነው የሄደበት። የወቅቱን የአስተዳደር ካርታ ፈልጋችሁ ከአሁኑ ጋር ሳታስተያዩ «ክልል ተሻጋሪ ፍልሰት» የሚል ቃል ባትጽፉ ይሻላል።

ሌላ የሚደባለቅ ነገር አለ፦ ሰፈራና መንደር ምሥረታ። ሰፈራ ሰውን ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር የሚወስድ ነው። መንደር ምሥረታ ግን ተበታትኖ የሚኖረውን ገበሬ እዚያው አካባቢው አንድ ቦታ መሰብሰብ ነው። ሐረርጌ ላይ ጀምሮ ወደ አርሲ፣ ባሌና ሸዋ ተስፋፋ፤ በደርግ መጨረሻ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ነካ። የካቲት 1982 ላይ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው ምን አደረገ? የጣሪያውን እንጨት ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። በቁጥር ከሰፈራው እጅግ ይበልጣል፤ በፍልሰት ቆጠራ ላይ ግን አይታይም፤ ሰዉ ከአካባቢው አልወጣማ።

ምኑ የት ታስሯል?

አሁን ወደ ዋናው ገባን። በመረጣችሁት ዘመን አንድ ገበሬ ሆናችሁ አስቡ። መነሳት ብፈልግ ምን አጣለሁ? ብሄድ ምን አገኛለሁ? መልሱን ከሕጉም ከኑሮውም ፈልጉ።

መሬት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ለፍልሰት ጥናት መነሻ ነው። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ መሸጥ፣ ማከራየት፣ ማስያዝ ቀረ፤ ቅጥር ሠራተኛም በአብዛኛው ተከለከለ። የሚያከፋፍለው የገበሬ ማኅበሩ ነው። ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። መሬት የምታገኘው የማኅበሩ አባል ሆነህ እዚያው ስትኖር ነው። ጥለህ ከሄድክ ሸጠህ መነሻ ገንዘብ አትይዝም፤ ለሌላ ይሰጣል። ከዚያ በፊት በየዓመቱ ለቡናና ለጥጥ ለቀማ ይንቀሳቀስ የነበረው ሰው መንገዱ ጠበበ፤ ቅጥር ራሱ ሕገ ወጥ ሆኗልና። ማንም «እንዳትንቀሳቀስ» ብሎ አላወጀም። የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ ማውጣት ሲጨመርበት ግን ገበሬው ባለበት ተተከለ።

ሕገ መንግሥቱ በ1987 ሲመጣ አንቀጽ 32 የመዘዋወርና የፈለጉበት የመኖር ነፃነት ሰጠ። አንቀጽ 40 ግን መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደገመው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ መሄድ ትችላለህ፣ ይዘኸው የምትሄደው ግን የለህም። ሕግ ስታነቡ የሚፈቅደውን አንቀጽ ብቻ ካነበባችሁ ግማሹን ነው ያያችሁት። በ1999 ቆጠራ የከተማ ነዋሪው 16 በመቶ ያህል ብቻ የነበረው በሌላም ምክንያት ነው፤ ይህ ግን አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስንዴ። ይህን የማያውቅ ሰው 1977ን አይረዳም። መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ ለመውሰድ አቀደ። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 600 ሺህ ሰው ወሰደ፤ በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ በአንቶኖቭ አውሮፕላን። በፈቃዱ የሄደ አለ፤ ልጆቹ ዓይኑ እያየ ያለቁበት ሰው «ለም መሬት፣ በሬ፣ ቤት» ሲባል መሄዱ ምን ይገርማል? እህል ለመቀበል በተሰለፈበት፣ ወይም ገበያ ወጥቶ ሳለ ተይዞ የተጫነም አለ። የቀበሌ ሊቀ መንበሩ ኮታ መሙላት ነበረበት። ቤተሰቡ መጠለያ ውስጥ እየጠበቀው እሱ ጋምቤላ የወረደ ስንት አባት አለ። መንገድ ላይና በሰፈራው የመጀመሪያ ወራት ብዙ ሰው ሞተ፤ ስንት እንደሆነ እስካሁን ያከራክራል። ይህን ያወገዘው የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት በ1978 መጀመሪያ ላይ ከአገር ተባረረ። እንግዲህ «በፈቃድ ነበር ወይስ በግዳጅ?» የሚለው ጥያቄ በራሱ ደካማ ነው። እህሉ የተቀመጠው የት ነበር፣ ለመቀበል ምን መፈረም ያስፈልግ ነበር ብላችሁ ጠይቁ።

የመመለሻ መብት። የ1995ቱ ሰፈራ ከደርጉ ትምህርት ወስዷል። ዕቅዱ በሦስት ዓመት 440 ሺህ አባወራ፣ ማለትም 2.2 ሚሊዮን ሰው ማስፈር ነበር። ሁለት ነገሮች ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሰፋሪው የትውልድ ቦታ መሬቱ ለሦስት ዓመት ይጠበቅለታል፤ ካልተስማማው ይመለሳል። ይህ አንድ አንቀጽ ስንት ሰው ደፍሮ እንዲሞክር እንዳደረገ አስቡት። ሁለተኛ፣ ሰፈራው በየክልሉ ውስጥ ብቻ ነው። ከማዕከላዊ ትግራይ ወደ ሁመራ፣ ከወሎ ወደ ቋራና መተማ፣ ከሐረርጌ ወደ ጨዋቃ። ከጨዋቃ ሐረርጌ ያለውን ርቀት ተመልከቱ፤ አገር ማቋረጥ ነው፣ ግን ኦሮሚያ ውስጥ ነው። የደርጉ ቀስቶች ካርታው ላይ እንዳሻቸው ይሻገራሉ፤ የ1995ቱ ቀስቶች የክልል ወሰን ላይ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ። ካርታ ላይ ቀስቱ ድንበር ላይ ከቆመ ተፈጥሮ አይደለም ያቆመው፤ ሕግ ፈልጉ።

መታወቂያና ቤት። ከተማ ውስጥ የምታጠኑ ከሆነ መሬቱን ተዉትና መሸኛውን ተከተሉ። አዲስ አበባ መታወቂያ ለማውጣት ከነበርክበት ቀበሌ መሸኛ ታመጣለህ፤ አዲስ መታወቂያ መስጠት የቆመባቸው ጊዜያትም ነበሩ። መታወቂያ የሌለው ሰው ለኮንዶሚኒየም አይመዘገብም ነበር። የ97 ተመዝጋቢና የ2005 ተመዝጋቢ የሚባለው ሰው ያንን ወረቀት ይዞ ስንት ዓመት ከከተማው እንዳልራቀ ጠይቁት። ዕጣ ይደርሰኛል ብሎ ነው። ቤት ሲደርሰው ደግሞ የከተማው ጫፍ ላይ ይሆናል፤ የልማት ተነሺውም እንደዚያው። የመሀል ከተማው ሰው ወደ ዳር የወጣው በራሱ ምርጫ ነው የሚል ጽሑፍ ካያችሁ የቤቶቹን ቦታ የመረጠው ማን እንደሆነ ጠይቁ።

ምደባ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የጅማ ልጅ መቀሌ፣ የደሴ ልጅ አርባ ምንጭ የሚማረው ትምህርት ሚኒስቴር ስለመደበው ነው። ከዚያ እዚያው ሥራ የያዘ፣ ያገባ፣ የቀረ አለ። ሐኪሙም ዕጣ አውጥቶ ይመደብ ነበር። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲከፈት ደግሞ ሠራተኛዎቹን ከየወረዳው የመለመለው የአካባቢው አስተዳደር ራሱ ነው። በትልልቅ ሰነዶች ላይ «ፍልሰት» ተብሎ አይጻፍም እንጂ ፍልሰት ነው።

መሬቱ ባዶ ነበር?

የሰፈራ ሰነድ ሁሉ «ሰፊ ያልታረሰ መሬት» ይላል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ቁሙ። አታልፉት።

ፓዌ ያለችበት የበለስ ሸለቆ ከአውሮፕላን ሲታይ ባዶ ይመስላል። የጉሙዝ ሕዝብ ግን አንዱን ቦታ ጥቂት ዓመት አርሶ፣ አሳርፎ ወደ ሌላው የሚዞር፣ ጎን ለጎንም የሚያድንና ከጫካው የሚለቅም ነበር። አርፎ የተቀመጠው መሬት የሰው መሬት ነው። ከደጋ ለመጣ ካድሬ ግን ማሳ ማለት የታረሰ ብቻ ነው። በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ሲመጣ ጫካው ተመነጠረ፣ ጉሙዙ ወደ ዳር ተገፋ። ወሎዬውና የከምባታ፣ የሀዲያ ሰፋሪው ደግሞ የማያውቀው ቆላ ውስጥ ወባ ላይ ወደቀ፤ ከብት ያስገባ ደግሞ ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ጨረሰበት። ሁለቱም ተጎዱ፤ ሁለቱም አልተጠየቁም። ከዚያ በኋላ ላለው ቁርሾ ሁሉ መነሻው ይህ ብቻ ነው አልልም፤ ያለዚህ ግን አይገባም።

ስለዚህ የምታጠኑት ቦታ ላይ ሰፋሪውን ብቻ አትጠይቁ። ነባሩን ጠይቁ። «ሰፋሪ ከመምጣቱ በፊት እዚህ ምን ይደረግ ነበር?» ማር የሚቆረጥበት፣ ከብት በበጋ የሚወርድበት፣ ቀብር ያለበት ቦታ ይነግሯችኋል። በ1977 ወረቀት ላይ አንዱም የለም። ላኪውንም አካባቢ አትርሱ። ሰው ከወጣ በኋላ ወሎ ውስጥ የቀረው መሬት ለማን ተሰጠ? ከፓዌ ተመልሶ በ1983ና በ84 የመጣው ሰው ያገኘው መሬቱን ሌላ ሰው ሲያርሰው ነው። ከዚያ ተመልሶ ወደ ፓዌ የሄደም አለ፤ ሁለተኛው ጉዞ የራሱ ውሳኔ ይመስላል፣ የመጀመሪያው ባይኖር ግን አይኖርም ነበር።

ቁጥር ስታነቡ

ሦስት ቆጠራ አለን፦ 1976፣ 1987፣ 1999። ከዚያ በኋላ የለም፤ አራተኛው ተራዝሞ ተራዝሞ ቀረ። 1976ቱ የተካሄደው ግንቦት ላይ፣ ትልቁ ሰፈራ ከመጀመሩ ጥቂት ወራት በፊት ነው። ለኛ ሥራ ዕድል ነው፦ በፊትና በኋላ ማየት ያስችላል። ግን ጦርነት የነበረባቸውን የኤርትራንና የትግራይን ገጠር በአብዛኛው አልደረሰም፤ የሚቆጥረውም በአውራጃ ነው። 1987ቱ ደግሞ ብዙ ሰፋሪ ከተመለሰ በኋላ ስለሆነ የሚያሳየው የሄደውን ሳይሆን የቀረውን ነው።

ቆጠራው የሚጠይቀው ባጭሩ «እዚህ ስንት ዓመት ኖሩ፣ ከዚህ በፊትስ የት ነበሩ?» ነው። ይህ ምን ያመልጠዋል? ፓዌ የተወለደው የሰፋሪ ልጅ «ፍልሰተኛ» ተብሎ አይቆጠርም። ሄዶ የተመለሰው ከመጨረሻው ቦታ ብቻ ይቆጠራል። ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራና መተማ ወርዶ በወሩ የሚመለሰው የትም የለም። በ2013 የተደረገው የሠራተኛ ኃይልና ፍልሰት ጥናት አዲስ ስለሆነ ይጠቅማል፤ ግን ናሙና ነው፣ ትግራይም የለበትም።

ለአሮጌ ወረቀት ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሂዱ። ሕጉን ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ታገኙታላችሁ። የ1977 አዲስ ዘመንንም አንብቡት፤ እውነት ስለሚናገር ሳይሆን መንግሥት ምን መባል እንደፈለገ ስለሚያሳይ። «በፈቃደኝነት» የምትለዋ ቃል በየዜናው ከተደጋገመች እሷም መረጃ ናት።

ሰው ስትጠይቁ

«በፈቃድዎ ነው የሄዱት?» አትበሉ። ዛሬ እዚያ መሬት ይዞ የሚኖር አባት ምን ብሎ እንዲመልስላችሁ ነው? «ተገድጄ» ቢል መሬቱ ላይ ያለውን መብት የሚያሳንስ ይመስለዋል፤ «በፈቃዴ» ቢል የሞቱትን ይክዳል። ነገሩን በዕቃና በቀን አስዙት። አባባ፣ ስምዎን መጀመሪያ የመዘገበው ማን ነው? ስንዴ ሲቀበሉ ነው ወይስ ስብሰባ ላይ? ምን ይዘው ተነሱ? ማን ቀረ? ሲደርሱ ጎጆው ተሠርቶ ነበር? ማን ሠራው? የመጀመሪያውን በሬ ከየት አገኙ? ከእናቶች ደግሞ ሌላ ታሪክ ታገኛላችሁ፤ ልጅ የጠፋባት እናት ጣቢያውን፣ ቀኑን፣ የመኪናውን ቀለም ሳይቀር ታስታውሳለች። ግን ጊዜ ስጧት። ቡናው ሳይፈላ መቅረጫ አታውጡ።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ለዩ። አጎቱ ስለነበረ የመጣ፣ የዘመድ ደብዳቤ አይቶ የመጣ፣ ለጉልበት ሥራ መጥቶ የቀረ። የመንግሥት መኪና በር ይከፍታል፤ በተከፈተው በር ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ሌላው በራሱ ስንቅ ይገባል። ሁለቱን አንድ ላይ «ሰፋሪ» ብላችሁ ከጠራችኋቸው የመንግሥትን እጅ ካለበት በላይ ታሰፉታላችሁ።

መጨረሻ ላይ «ፖሊሲው ባይኖርስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ግን ከአእምሯችሁ አታምጡ፣ ማነጻጸሪያ ፈልጉ። በ1977 ይኸው ድርቅ ትግራይንም መትቶ ነበር። ህወሓት በያዘው ገጠር የነበረው ሕዝብ የመንግሥት አውቶቡስ አልደረሰውም። ወደ 200 ሺህ የሚገመት ሰው በእግሩ ወደ ሱዳን ወጣ፤ ዝናብ ሲመጣ ብዙው ለማረስ ተመለሰ። ያው ረሃብ አንዱን ሱዳን፣ ሌላውን ጋምቤላ አደረሰው። ድርቁ ሰውን ከቤቱ አስነሳ፤ አቅጣጫውን የወሰነው ቦታውን የያዘው ኃይል ነው።

ስታሳትሙ አንድ ጥንቃቄ አድርጉ። የሰውን ስም፣ ብሔሩንና የመንደሩን ቁጥር አንድ ላይ አታውጡ። ወለጋና መተከል ውስጥ ሰው በዚህ ምክንያት ተፈናቅሏል፣ ተገድሏልም። መንደሩን ከጻፋችሁ ስሙን ቀይሩ፤ ስሙን መጻፍ ግድ ከሆነ ወረዳው ይበቃል፤ ፎቶ ከሆነ ደግሞ አስፈቅዳችሁም ቢሆን ፊት ባይታይ ይመረጣል። የቀረጻችሁትን ድምፅ ቅጂ ለቤተሰቡ ስጡ።